እማዬ የመረጠችው ሱፍ

ሙሽራ መሆን እንደሚያደክም ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም «እንኳን ደስ አለህ» ይልና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አንድ ሥራ ጨምሮብኝ ይሄዳል። አዳራሽ ተከራየሁ፣ በሬ ተዋዋልኩ፣ ካርድ በተንኩ፣ ካርድ ያልደረሳቸውን ዘመዶች እየዞርኩ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይህን ሁሉ እንደምንም ተወጣሁት። ዛሬ ሳስበው እንኳ ወንበር አምጡልኝ የሚያሰኘኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ «አንተስ ምን ልትለብስ ነው?»

አትሳቁ። ወንድ ሱፉን አጥልቆ ይወጣል፣ ጣጣው የቬሎ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለን። «አለን» ያልኩት ሱቁ መጀመሪያ የአባቴ፣ ከዚያ የታላቅ ወንድሜ የደረጀ ስለነበረ ነው። እኔ ጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ደረጀ ከዓመታት በፊት የራሱ ሠርግ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታመመና ብዙም ሳይቆይ ሞተ። መኪናዬን አስረክቤ መጥቼ ሱቁን ከፈትኩ። እማዬ በዚያ ሰሞን የለበሰችውን ጥቁር ከዚያ ወዲህ አላወለቀችም ነበር።

ጥቁር የሚወልቅበት የራሱ ወግ አለው። ዓመት ሲሞላ ዘመድና ጎረቤት ነጭ ልብስ ገዝቶ ይመጣል፣ ሽማግሌ «በቃሽ» ይላል፣ ሐዘንተኛዋም አልቅሳ ትቀይራለች። ለእማዬም መጡ። ሻይ አቀረበችላቸው፣ መረቀቻቸው፣ ሲወጡ ነጩን ልብስ ከነፌስታሉ ለተቸገረች ጎረቤት ሰጠችው። በዓመቱ ደግመው መጡ። ያኔም እንደዚያው አደረገች። ከዚያ በኋላ የሞከራት የለም።

እኔና ሰላም ልንጋባ መሆኑን ስነግራት እልል አለች። እልልታዋን ሳትጨርስ ግን ቁጭ አለችና «አዳራሽ አልመጣም» አለችኝ። «ጥቁር ለብሼ ሙሽራ መሐል አልቀመጥም፣ ጥቁሩንም ገና አላወልቅም። እዚሁ ቤቴ ሆኜ እመርቅሃለሁ።»

«እማዬ፣ ያለ አንቺ ሠርግ አለ እንዴ?»

«እናት የሌለው ሰው አያገባም?» አለችኝ፤ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሠርጌ ጉዳይ አንድ ብቻ ሆነ። በሬውም፣ አዳራሹም፣ ካሜራውም ደንታ አልሰጠኝ። እማዬን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካላየኋት ያገባሁ አይመስለኝም ነበር።

ዓለም ባንክ አካባቢ ትምህርት ቤት የምታስተምረው እጮኛዬ ሰላም «ትንሽ ጊዜ ስጣት» ትለኛለች። ዋናው ሚዜዬ ናቲ ደግሞ ጠዋት ማታ በስልክ የሱፍ ፎቶ ይልክልኛል። ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ ሥጋ የመሰለ ቀለም፣ ሁሉም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቁ ሱሪዎች። «ታሜ፣ ሚዜዎቹ ግራጫ ከለበስን አንተ ከኛ ጋር መሄድ አለብህ» ይላል። አንዷ አክስቴ ካባ ትላለች። የሰላም አጎት ሙሽራ ያለ ጥቁር ሱፍ ሙሽራ አይመስልም ይላሉ። እኔ ከሱቅ ወጥቼ አልጋዬ ላይ ስወድቅ ጫማዬን የማወልቅበት ጉልበት እንኳ የለኝም።

መላ የመጣልኝ በዚህ ድካም መሐል ነው። ደረጀ ለሠርጉ ያሰፋው ሱፍ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ጋሽ ከድር የሚባሉ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የሰፉት፣ አንድም ቀን ያልተለበሰ። እማዬ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ከቁም ሣጥን ታወጣውና ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ በብሩሽ ትጠርገዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። በዚያ ዓመትም ስታሰጣው ከበር ላይ ቆሜ አየኋት። ኮሌታውን ስትጠርግ እጇ ሲዘገይ ሳይ «ይህን ልብስ ሙሽራ ላይ ማየት ነው የምትመኘው» አልኩ ለራሴ። ይህን ከለበስኩላት ትመጣለች ብዬ ደመደምኩ።

«እማዬ፣ የደረጀን ሱፍ ብለብሰውስ?»

ብሩሹ ቆመ። ፊቷን ወደ ልብሱ እንዳደረገች «ይሆንሃል?» አለችኝ።

«ጋሽ ከድር ያስተካክሉታል።»

«እንደ ወደድክ፣ ልጄ» አለችና ወደ ቤት ገባች። ስትገባ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ አየሁ። የደስታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚያየው።

ሠርጉ ለእሑድ ተቆርጦ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሱፉን በላስቲኩ እንዳለ ይዤ ጋሽ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ከድር ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ስለ ኳስም ስለ ኑሮም ሳያወሩ መርፌ አያነሡም። የዚያን ቀን ግን ላስቲኩን ገልጠው ልብሱን እንዳዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን አውቀዋለሁ» አሉ።

«እርስዎ የሰፉት ነዋ።»

«መስፋቱንማ ሰፋሁት።» «እናትህ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ታውቃለች፣ ፈቅዳለች።»

ልብሱን አንሥተው አለበሱኝ። ደረጀ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ኮቱ እኔ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላዬ ቆመው ጨርቁን ያዝ እያደረጉ በስፒል ወጋ ወጋ አደረጉት። መስታወቱ ውስጥ ራሴን ሳይ የሆነ ነገር ከበደኝ። ልብሱ ያምራል፣ ጨርቁም ጥሩ ነው፣ ግን መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ እኔ ነኝ ለማለት ቸገረኝ። ድካም ነው አልኩ። በዚያ ሰሞን ሁሉን ነገር ድካም ነው እያልኩ ነበር የማልፈው።

ልወጣ ስል ጋሽ ከድር ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ታምራት ልጄ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እናትህን አንዴ ደግመህ ጠይቃቸው» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። ግን አልጠየቅኳትም። ፈቅዳለች፣ አልቅሳለች፣ ሌላ ምን ልጠይቅ?

ሐሙስ ከሰዓት ሱፉ ደረሰልኝ። ቤት ስገባ ሰላም ቀድማኝ መጥታ ከእማዬ ጋር ተቀምጣለች። በፌስታል የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ይዛ ነበር የመጣችው፣ ነጭ፣ ጥለቱ ስስ። ምንም የሚታወቅ ነገር እንደሌለ ሁሉ «ለእሑድ ነው፣ እማዬ» ብላ ሰጠቻት። እማዬ ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው፣ «ተባረኪ» አለቻት፣ አጣጥፋም ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። የዚያ ፌስታል መጨረሻ የት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

«እስኪ ልብሱን ልየው» አለችኝ ሰላም።

ጓዳ ገብቼ ለበስኩና ወጣሁ። እማዬ ለሰላም ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ሻዩ ከብርጭቆው ሞልቶ ሲኒ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ ግን መቅዳቷን አላቆመችም። ሰላም ቀስ ብላ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰደችላት።

እማዬ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ኮሌታዬን አስተካከለች። ከዚያ የኮቱን ሁለት ጎን ደረቴ ላይ ጨብጣ ያዘችና ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። ሰው ልብስ ሲያነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔ ውስጡ የሌለሁ ያህል ነው ያነሣችው። ወዲያው እሳት እንደነካ ሰው እጇን ለቀቀች።

«ያምርብሃል» አለችና ተመልሳ ቁጭ አለች።

እኔ ዝም ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የእኛን ቤት አያውቅም፤ በዝምታ ቢሆን ኖሮ እኛ እስካሁን ፎቅ በሠራን ነበር። ሰላም ግን ከእኛ ቤት አይደለችም። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና እማዬ አጠገብ ተጠግታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ ታሜ ምን ቢለብስ ነው ደስ የሚልዎት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። እሱ የወደደውን ይልበስ።»

«እሱማ እርስዎ ስለወደዱት ነው የለበስኩት ይላል።»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ? እኔ ወደድኩት ብዬሃለሁ?»

«እንደ ወደድክ አላልሽኝም?»

«እንደ ወደድክ ነዋ ያልኩህ! አንተ ወደህ መስሎኝ!»

«እኔማ አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ...»

ውጭ ታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጮኻል። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አውልቀው፣ ልጄ» አለችኝ። «በማርያም፣ አውልቀው።»

ያኔ ነው የነገረችኝ። ደረጀ የሞተ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ልብሱን አምጡልን አሉ። የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ይወጣል፣ ይያዛል፣ ይለቀስበታል፤ የቆየ ነው። እሷ ቁም ሣጥኑን ከፍታ እጇ የደረሰበትን አነሣች። ይህ ሱፍ ነበር። አክስቴ ሁለት ትከሻውን ይዛ ከፍ አደረገችው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ለሙሽራ የተሰፋውን ልብስ እያየ «ሙሽራው የታለ?» እያለ አለቀሰ። ጋሽ ከድርም እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ያን ቀን ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ወጋችን ሆኖ መርዶ በስልክ አይነገርምና ለእኔ «ደረጀን ትንሽ አሞታል፣ ና» ነበር የተባለው። እኔ ከመንገድ ስገባ ቀብሩ አልፏል፣ ሱፉም ተሰቅሏል።

«አንተ እንዳታየው ብዬ ነው ቶሎ የሰቀልኩት» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን በየዓመቱ ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ?»

«ብል እንዳይበላው ነዋ! ለሰው ልስጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ልጣለው ብል እንዴት አድርጌ? አንተ ስትጠይቀኝ ደግሞ፣ ለሞተው የተሰፋውን ላለው ልከልክለው? ብዬ ዝም አልኩ።» እንባዋን ጠረገች። «እሑድ ግን ልመጣ አልችልም ነበር፣ ታሜ። ጥቁሩን ባወልቅ እንኳ አልመጣም። ያ ልብስ ተነሥቶ ሲሄድ እንዴት ብዬ አያለሁ?»

አስቡት እንግዲህ። እማዬን ወደ ሠርጌ ለማምጣት ስል የለበስኩት ልብስ እሷን ለዘላለሙ የሚያስቀራት ነበር።

ኮቱን አወለቅኩ። ሱሪውንም ጓዳ ገብቼ ቀየርኩና ስወጣ በሩ ላይ መሬት ቁጭ አልኩ። አላለቅስም ብዬ ነበር፣ አለቀስኩ። «እኔም አልወደድኩትም» አልኩ። «እማዬ፣ እኔ ደክሞኛል። ሱቁ የእሱ ነው፣ የምተኛበት አልጋ የእሱ ነው፣ ደንበኛው እንኳ ሲጠራኝ ደረጀ ይለኛል። ሚስት ሳገባ ደግሞ በእሱ ልብስ። እኔ የማገባው እሱ ስላላገባ ነው እንዴ?»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለራሴም ቢሆን።

«የእሱን ቦታ ያዝ ያለህ ማን ነው?» አለችኝ እማዬ።

ብፈልግ ብፈልግ የምጠራው ስም አጣሁ። ያለኝ ሰው የለም። «ማንም» አልኩ።

እማዬ ተነሣች። ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጫማዋን ፈለገች። «ተነሥ» አለችኝ፤ «ሱቅ ሳይዘጋ።»

«የት ልንሄድ?»

«ልብስ ልገዛልህ ነዋ። ያንኛውንማ ራሱ ሄዶ ነው ያሰፋው፣ እኔን እንኳ አላማከረኝም። አንዱን ልጄን እንኳ እኔ ላልብሰው።»

ሦስታችንም ወደ ማዞሪያው ወረድን። ሁለት ልብስ ቤት ገብተን ወጣን። ሦስተኛው ውስጥ ሻጩ ናቲ ፎቶውን ሲልክልኝ የከረመውን ዓይነት ጠባብ ሱፍ አለበሰኝ። «ማዘር፣ አሁን ፋሽኑ ስሊም ነው» አላት።

«ይሄማ አንቆ ይገድልብኛል» አለችው። መደርደሪያውን ራሷ እየገላለጠች ሄዳ ከጥግ አንድ ቡኒ ሱፍ መዘዘች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አስቀያሚ ነው። ቡኒውም ደረቅ ቡኒ ነው፣ አንድ የጡረታ ሰው ደሞዝ ሊቀበል ሲሄድ የሚለብሰው ዓይነት። ስለብሰው እጅጌው ጣቶቼ ላይ ወረደ፣ ሆዱ ላይ ሌላ ሰው ያስገባል።

«እማዬ፣ ሰፋኝ።»

«ትሞላበታለህ።»

«ሠርጉ እሑድ ነው እኮ! እስከ እሑድ በምን ልሙላ?»

«ለእሑድ ብቻ ማን ገዛልህ?» ብላ ተቆጣችኝ። «ከእሑድ በኋላም ትኖራለህ። ትወፍራለህ። ቦርጭ ታወጣለህ። ልጆችህን ታስመርቅበታለህ። እኔ በልክ የተሰፋ አልፈልግም! በልክ ተሰፍቶ አይቻለሁ።»

ሻጩ አንገቱን ደፋ። ሰላም ወደ ክራባቶቹ ዞራ ቆመች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔ «ይሁን» አልኩ። በዚያ ሁሉ ወር ስለ ልብስ የተናገርኩት ሳይከብደኝ የወጣ ቃል እሱ ብቻ ነው።

በዚያው ምሽት ጋሽ ከድር ዘንድ ገባን። ቡኒውን ሲያዩ ወሬያቸው ተመለሰ፤ ስለ ጨርቁም ስለ ኳሱም አወሩ። እማዬ «እንዳይቆርጡት፣ ጋሽ ከድር» አለቻቸው። «እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈው ይስፉት። ኋላ ይፈታል።»

እሑድ እማዬ መጣች። ሰላም ያመጣችላትን ነጩን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላውን ደርባ። ከነጠላው ሥር ጥቁር ሻሿን አልፈታችውም ነበር። ማንም ስለ ሻሹ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም። ናቲ ቡኒውን ሱፍ ሲያይ «ምን አደረግኩህ?» ነው ያለኝ፤ ፎቶዎቹ ላይ ግራጫ ከለበሱት ሚዜዎች መሐል እኔ የሙሽራው አጎት እመስላለሁ። ግን አንድ ፎቶ አለ፤ እማዬ ክራባቴን ይዛ ስትስቅ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ «እንደ ወደድክ» ማለት ነውር ሆኗል። ሰላም ናት የከለከለችው። ሻይ ወይስ ወተት ተብሎ የተጠየቀ ሰው አንዱን መናገር አለበት። ሱቁንም የራሴ አደረግኩት፤ መደርደሪያውን ቀየርኩ፣ ታፔላውን አስቀባሁ፣ «ደረጀ» ብሎ የሚጠራኝን ደንበኛ «ታምራት ነኝ፣ ወንድሙ» እለዋለሁ። የደረጀ ሱፍ አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ክረምት ሲወጣ እኔና እማዬ አብረን እናሰጣዋለን፣ እሷ ትጠርጋለች፣ እኔ መስቀያውን እይዛለሁ፣ ስለ እሱም እናወራለን። ድሮ የምታደርገው ለብቻዋ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለሠርግ የምትሯሯጡ ካላችሁ ስለ ፋሽን የምመክራችሁ የለኝም፤ ፎቶዬን ብታዩ ምክሬንም አትሰሙም። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ለምትወዱት ሰው ብላችሁ የማትወዱትን ከመልበሳችሁ በፊት ያ ሰው ወዶት እንደሆነ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁት። «እንደ ወደድክ» ብሎ ከመለሰላችሁ ደግሞ ድጋሚ ጠይቁት።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ልጃችን ከኬጂ ተመረቀች። በዋዜማው ቡኒውን ሱፍ ጋሽ ከድር ዘንድ ይዤ ሄጄ የታጠፈውን እጅጌ አስፈታሁ። ለብሼው ሳሎን ስወጣ እርጅና የተጫጫናት እማዬ ከአልጋዋ ተነሥታ በምርኩዝ መጣች። እጅጌውን አየች፣ ሰውነቴ ሞልቶ ወደ ላይ ስለሳበው ልክ ነው። ትከሻውን ዳሰሰች፣ ልክ ነው። ከዚያ ሆዴ ላይ ያለውን ቁልፍ ልትቆልፍ ሞከረች፤ ሳበችው፣ እንደገና ሳበችው፣ እምቢ አላት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጌም ቀን አላየሁባትም።

«ጠበበህ!» አለችኝ። «ነገ ሌላ እንገዛለን። ሰፋ ያለ።»